የአልጫ እድፍ

ወለተሐና ሳሙናውን ደጋግማ አሸችበት፤ ነጠላው ላይ የወደቀው የቀለም ጠብታ ግን ንቅንቅ አላለም። እልህ ይዟት ጥርሷን ነክሳ ስታሸው በመጨረሻ የጽሕፈት ቀለሙ ለቀቀ፣ አረፋው ሰማያዊ ሆነ። «እሰይ!» አለች። ደስታዋ ግን ብዙ አልቆየም። አረፋው በእርጥቡ ነጠላ ላይ ተንሸራቶ ደረቱ አካባቢ ካለው ቢጫ እድፍ ደርሷል። ቢጫው እድፍ ደም መስሏል።

ዓይኗን ጨፍና ገለጠች። ያው ነው። ጣቷን በአረፋው አሳልፋ ነካችው፤ ጣቷ ላይ የወጣ ደም የለም፤ ነጠላው ላይ ግን ትኩስ ቁስል የደማበት ይመስላል። የአልጫ ወጥ እድፍ እንዴት አድርጎ ይቀላል?

ነጠላው የእናቷ የወይዘሮ አልታየች ነው። እድፉ ግን የወንድሟ የገብረ ሕይወት ነው ቢባል ይሻላል። ባለፈው ዓመት ከጦሩ ጋር ወደ ኮንጎ ሊሄድ የተነሣ ዕለት እናቱ እርድ የበዛበት የበግ አልጫ ሠርታ አበላችው። እሱም እየሳቀ ለእናቱ ጉርሻ ጠቀለለ። ጉርሻ ማለት እንኳ ያንሰዋል፤ ለሦስት ሰው የሚበቃ ነበር። ከአፏ ሳይደርስ ግማሹ ደረቷ ላይ ተዘረገፈ። ነጠላው በዚያው ጠዋት ከሳጥን የወጣ አዲስ ነበር። «አንተ ቀበጥ! አበላሸኸኝ እኮ!» ብላ ትከሻውን መታችው። እሱ እንደሳቀ ሄደ።

በማግስቱ አልታየች ነጠላውን ልታጥብ እንዶዱን ቀጠቀጠች፣ ውኃውን አቀረበች፣ ከዚያ ተቀምጣ እድፉን ስታይ ቆየችና እንዶዱን ደፋችው። ነጠላውን አጥፋ ሳጥን ውስጥ ከተተች። «ይኼን ነጠላ የሚነካ ከእኔ ጋር ይጣላል» አለች። ከዚያ ወዲህ በየወሩ በመድኃኔ ዓለም ቀን ታወጣዋለች፣ እድፉን በጣቷ ትዳስሰዋለች፣ መልሳም ታስቀምጠዋለች። ከሰኔ ወዲህ ከኮንጎ ምንም ወሬ አልመጣምና ከልጇ የቀራት ይኸው እድፍ ነበር።

ወለተሐና ግን ነጠላውን ትነካው ነበር። እናቷ የፈተለችውን የበግ ፀጉር ይዛ ገበያ ስትወጣ ሳጥኑን ከፍታ ትከናነበዋለች። ወንድሟ ናፍቋታል። በረሳ ወንዝ ሲሞላ በጫንቃው ተሸክሞ ሲያሻግራት፣ መሐል ላይ ሲደርስ «ልልቀቅሽ?» እያለ ሲያስጮኻት፣ ያ ሁሉ ይናፍቃታል። እናቷ ናፍቆቱን የራሷ ብቻ አድርጋ ሳጥን ውስጥ ስለቆለፈችበት፣ ወለተሐና የእሷን ድርሻ በስርቆት ነበር የምትወስደው። ዛሬም ነጠላውን ተከናንባ የቤት ሥራዋን ስትጽፍ ብዕሯ ተፋባት። መጥፎ ነገር ሲመጣ አስፈቅዶ አይመጣም።

ሳሙናው ደግሞ ለዚያ ቤት እንግዳ ነው። አልታየች ዕድሜ ልኳን ልብስ ያጠበችው በእንዶድ ነው። ሳሙናውን የገዛችው ትምህርት ቤቱ የንጽሕና ምርመራ ስለጀመረ ለወለተሐና አንገትና ጆሮ ብላ ነበር። ልብስ ነክቶ አያውቅም።

የአጥሩ በር ሲንቋቋ ተሰማ። ወለተሐና ነጠላውን በችኮላ በውኃ ለቅለቅ አድርጋ ጨመቀችው፣ ሳሙናው በደንብ ሳይለቅ ጓዳ ወስዳ ከምድጃው በላይ ዘረጋችው። መጪዋ የጎረቤት ዶሮ የምታባርር ልጅ ነበረች። ነጠላው ሲደርቅ ግን ቅላቱ አልሄደም፤ ጠቆር ብሎ የረጋ ደም መሰለ። እድፉን ወደ ውስጥ አድርጋ አጥፋ ሳጥኑ ውስጥ መለሰችው።

የኅዳር መድኃኔ ዓለም ዕለት አልታየች ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ሳጥኑን ከፈተች። ወለተሐና ደጅ እንጨት ትፈልጥ ነበር። ከውስጥ ድምፅ ስላልሰማች ፈራች። ስትገባ እናቷ መሬት ላይ ተቀምጣ ነጠላውን ጭኗ ላይ ዘርግታዋለች።

«ወለቴ፣ ይኼን ነጠላ ነክተሽዋል?»

«እኔ? ኧረ አልነካሁም!»

«ማርያምን በይ።»

«ማርያምን!» አለች ወለተሐና። ምላሷ ከልቧ ቀድሞ ነበር።

አልታየች ከዚያ በላይ አልጠየቀችም። መጮህም፣ ደረት መድቃትም አልሞከረችም። እድፉን በጣቷ እንደ ወትሮው ዳሰሰችና «ደም ሆነ» አለች በቀስታ፤ «ከሳጥን ውስጥ ሆኖ ደም ሆነ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አልታየች መርዶ ትጠብቅ ጀመር። በአገሩ ልማድ የሞት ወሬ ከሩቅ ሲመጣ ጎረቤትና ሽማግሌ ተሰብስቦ ማልዶ ነው የሚያረዳው። ስለዚህ ዶሮ ሲጮህ ጀምሮ ከመኝታዋ ተነሥታ በሩ ሥር ትቀመጣለች። የሰው ኮቴ ሲያልፍ ትንፋሿን ትይዛለች። ጎረቤቷ እትዬ አመተ ማርያም አንድ ቀን ትኩስ ዳቦ ይዘው መጡ፤ የልጃቸውን ማኅበር ምክንያት አድርገው ነበር። አልታየች ዳቦውን ተቀብላ፣ እሳቸው ከወጡ በኋላ ለልጇ «አየሽ? ሰምተዋል። አንጀታቸው አልችል ብሎ ነው» አለቻት። ወለተሐና ዳቦውን ሳትቀምሰው ወደ ጎን አደረገችው።

እናቷ መብላት ተወች፤ ፀጉሯን አልጎነጉንም አለች። ወለተሐና ልትናገር አፏን በከፈተች ቁጥር ያ «ማርያምን!» ያለችው ቃል መጥቶ ይዘጋባታል። ደግሞስ ምን ብላ ትናገር? ያጠበችው እሷ ናት፤ እውነት። ግን ሳሙና እድፍ ያስለቅቃል እንጂ ደም ያደርጋል እንዴ? ምናልባት ነጠላው የሚቀላበትን ቀን ጠብቆ ይሆናል። ምናልባት እሷ ስታሸው እዚያ ኮንጎ ገብሬ... ሐሳቧን እስከ ዳር አታደርሰውም ነበር። ትራሷ ውስጥ አፏን ቀብራ ታለቅሳለች።

ሐሙስ ማታ አልታየች ከገበያ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አምጥታ መደቡ ላይ አኖረች።

«ምንድን ነው እማዬ?»

«ጥቁር ቀለም። ቅዳሜ ነጠላውን ከል እነክረዋለሁ።»

«መርዶ ሳይመጣ?»

«እነሱም ተቸገሩ እኮ ልጄ። እንዴት እንንገራት እያሉ ስንት ቀን ይጨነቁ? ከል ለብሼ ካዩኝ ይገላገላሉ።»

በማግስቱ፣ ዓርብ ዕለት፣ የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች ከየቤታቸው የሚያጸዱበትን ነገር ይዘው እንዲመጡ ታዘው ነበር። የሳይንስ አስተማሪው መምህር ዘርአ ዳዊት ናቸው ያዘዙት። አንዱ የሳሙና ስባሪ፣ ሌላው በቆርቆሮ አመድ፣ ሌላዋ የተወቀጠ እንዶድ አመጣች። አንድ ቀልደኛ መጥረጊያ ተሸክሞ መጥቶ ክፍሉን አሳቀ። የወለተሐና የወንበር ጓደኛ አፊፋ ሎሚ ይዛ መጥታለች። አባቷ ከአልዩ አምባ እየወጣ በርበሬና እርድ የሚነግድ ሰው ነው፤ ቆላ ደርሶ ሲመለስ ሎሚ ከቤታቸው አይጠፋም።

«የያዛችሁት ነገር ሁሉ ያጸዳል፤ ግን ዘመዱ የተለያየ ነው» አሉ መምህር ዘርአ ዳዊት። «አሲድ የሆነ አለ፣ ቤዝ የሆነ አለ፣ ከሁለቱም ያልሆነ አለ። ይኼን የሚለይልን ሊትመስ የሚባል ወረቀት ነበር። ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ብንጠብቅ ግን ፈተናው ይደርሳል። ስለዚህ በእርድ እንሠራለን።»

እርዱን በአረቄ በጥብጠው ነጭ ወረቀት ነክረውበት አድርቀዋል። ወረቀቶቹ ቢጫ ናቸው፤ የአረቄው ሽታም ገና አልለቀቃቸውም። ከኋላ አንዱ «መምህር፣ ወረቀቱ ሰክሯል» ሲል ተሳቀ። ወለተሐና አልሳቀችም። ዓይኗ መስኮቱ ላይ ነበር፤ ልቧ ቅዳሜ ላይ።

መምህሩ አንዱን ወረቀት የሎሚ ጭማቂ ውስጥ ነከሩት፤ ቢጫ እንደሆነ ወጣ። እንዶዱ ውስጥ ነከሩ፤ እሱም ቢጫ። «እንዴ መምህር፣ እንዶድ እኮ እንደ ሳሙና አረፋ አለው!» አለች ያመጣችው ልጅ። «አረፋ ያለው ሁሉ ቤዝ አይደለም» አሏት። «እርድ የሚያጋልጠው ቤዝን ብቻ ነው። ሎሚ አሲድ እንደሆነ ምላሳችሁ ይመሰክራል፤ የእንዶድን ነገር ሊትመሱ ሲመጣ በደንብ እናያለን። አሁን ሳሙናውን ተመልከቱ።»

ወረቀቱ የሳሙናውን ውኃ ሲነካ ቀላ። ክፍሉ «ወይኔ!» አለ። አመዱ ውስጥ የገባውም ቀላ።

ወለተሐና ሳታውቀው ቆማለች።

«ምን ሆንሽ?» አሉ መምህሩ።

«የቀላው... ተመልሶ ቢጫ ይሆናል?»

«ደግ ጥያቄ። ነይ ራስሽ ሞክሪው» ብለው የተቆረጠውን ሎሚ ሰጧት።

በቀላው ወረቀት ላይ ጨመቀችው። ቅላቱ ከዳር ጀምሮ ሸሸ፤ ወረቀቱ ቢጫ ሆነ። «ቤዝ የነካው ወረቀት አሲድ ሲያገኝ ወደ ነበረበት ይመለሳል» አሉ መምህሩ። ወለተሐና ከዚያ በኋላ ያሉትን አልሰማችም። ገብሬ አልሞተም ብላ ልትጮህ ምንም አልቀራት።

ከትምህርት ቤት ሲወጡ የደብረ ብርሃን ነፋስ ፊት ይገርፍ ነበር። ወለተሐና ሁሉንም ለአፊፋ ነገረቻት፤ ቀለሙን፣ ሳሙናውን፣ በማርያም መማሏን፣ ነገ የሚነከረውን ከል። አፊፋ አፏን ይዛ ሰማቻት።

«አላህ! የአባቴ ልብስ እኮ በታጠበ ቁጥር ይቀላል። እኛ ቤት ሁልጊዜ በሳሙና ስለሆነ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ቀድመሽ ብትነግሪኝ ምን ነበር?»

«አፈርኩ።»

«በይ አሁን ተገላገልሽ። እንኪ» አለችና ከኪሷ ሌላ ሎሚ አወጣች። «እናትሽ ሳታይ ጨምቂበትና አርፈሽ ቁጭ በይ። ቢጫ ሆኖ ስታገኘው ልጄ ዳነ ብላ እልል ትላለች። አንቺም ከቁጣ ትድኛለሽ፣ እሷም ደስ ይላታል። ከዚህ የተሻለ ምን አለ?»

ወለተሐና ሎሚውን ተቀበለች። እውነትም ከዚህ የተሻለ ምን አለ? እናቷ ስትስቅ ታያት። ጎረቤት ጠርታ «መድኃኔ ዓለም ምልክት ሰጠኝ» ስትል ታያት። ቤት እስክትደርስ ሐሳቡ በጣም ጣማት። በሩ ጋ ስትደርስ ግን አንድ ነገር ትዝ አላት። እሷ ራሷ መምህሩ ፊት ወረቀቱ ቢጫ ሲሆን ገብሬ አለ ብላ አስባ ነበር። ወረቀቱ ግን ገብሬን ከየት ያውቀዋል? እናቷ እልል ካለች በኋላስ እውነተኛ መርዶ ቢመጣ? ሌሊቱን ሎሚውን እንደ ጨበጠች አደረች።

ቅዳሜ ጠዋት አልታየች በድስት ውኃ ጥዳ፣ ቀለሙን በተነችበትና የሚጨመር ልትቀዳ እንስራዋን ይዛ ወጣች። ነጠላው መደቡ ላይ ታጥፎ ተቀምጧል። ወለተሐና ሎሚውን ቆረጠችው። እድፉን ገልጣ ዘረጋችው። ጊዜ ነበራት። ምንጩ ሩቅ ነው።

ሎሚውን ከነጠላው አጠገብ አስቀመጠችና እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ጠበቀች።

አልታየች ገብታ እንስራውን ስታወርድ ነጠላው ተዘርግቶ አየች።

«ምን ልትሠሪ ነው?»

«እማዬ፣ እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ዋሽቼሻለሁ። ተከናንቤው ስጽፍ ቀለም ፈሰሰበት፣ በሳሙና አጠብኩት። ያቀላው ሳሙናው ነው። ደም አይደለም።»

የአልታየች ፊት በሐዘኔታ ራራ፤ ወለተሐና ከቁጣ ይልቅ ያን ፈራች።

«ልታጽናኚኝ ነው ልጄ? አመተ ማርያም ናት እንዲህ በያት ያለችሽ?»

«ማንም አላለኝም!»

«ተይ በቃ። አንቺም ሕፃን ነሽ፣ ይከብድሻል።»

ወለተሐና ተነሥታ ከቅመም ማስቀመጫው እርድ ቆንጥራ አመጣች። የራሷን ነጠላ ጫፍ በውኃ አርሳ እርዱን ቀባችበት። ከቤት ከቀረው እንዶድ ነካ አደረገችበት፤ ቢጫ እንደሆነ ቀረ። «ይኸው፣ አንቺ በእንዶድ ስለምታጥቢ አይተሽው አታውቂም» አለች። ከዚያ ሳሙናውን አሸችበት። አልታየች እድፉ ዓይኗ ሥር ሲቀላ አይታ ወደ ኋላ ሸሸች። ወለተሐና የሎሚውን ግማሽ ሰጠቻት።

«አሁን ገብሬ ያፈሰሰብሽ ላይ ራስሽ ጨምቂበት።»

አልታየች ሎሚውን ተቀብላ እድፉ ላይ ያዘችው። ጨመቀችው። የረጋ ደም ይመስል የነበረው እድፍ ቀስ እያለ ነጣ፣ ቢጫ ሆነ፣ የዚያን ቀኑን አልጫ መሰለ። እሷም መደቡ ላይ ዘፍ አለች።

«ይኼን ሁሉ ቀን» አለች ድምፅዋ እየተሰበረ፣ «ይኼን ሁሉ ቀን ልጄን ገድለሽብኝ ሰነበትሽ።»

ወለተሐና አንገቷን ደፍታ አለቀሰች። ብትመታት ኖሮ ደስ ባላት፤ እናቷ ግን አልመታቻትም። ድንገት ክንዷን ጨብጣ ወደ ራሷ ሳበቻት።

«እንግዲያው አለ ማለት ነው? ገብሬ አለ?»

ዓይኖቿ ልጇ አፍ ላይ ተተክለዋል። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚፈለገው። ወለተሐና እሷም ያን ቃል ለመስማት ስንት ሌሊት እንደለመነች ታውቃለች። አዎን ማለት ቀላል ነበር፤ የመጀመሪያውን ውሸት ያህል ቀላል።

«አላውቅም እማዬ። እድፉም አያውቅም። የነካውን ነው የሚናገረው፣ በቃ።»

አልታየች ክንዷን ለቀቀቻት። የለበሰችውን ነጠላ ጫፍ ወደ ዓይኗ ወሰደች፤ ከዚያ ተነሥታ ድስቱን በጨርቅ ይዛ ወደ ደጅ ወጣች። ጥቁሩ ውኃ አጥሩ ሥር ሲፈስ ወለተሐና ከውስጥ ሰማችው።

ተመልሳ ስትመጣ «ተከናንበሽው ነበር አልሽ?» አለች።

«አዎ።»

«ለምን?»

«ናፍቆኝ።»

አልታየች ይኼን ቃል ከልጇ አፍ ሰምታ የማታውቅ ይመስል ቆማ አየቻት። ከዚያ እጅጌዋን ሰበሰበች። «በይ እንዶዱን አምጪው። ነጠላ እንዲህ አይታጠብም፣ ላሳይሽ» አለች።

ሁለቱ ጎንበስ ብለው አጠቡት፤ ሁለቱ ጫፍና ጫፉን ይዘው እየጠመዘዙ ጨመቁት። ሲያራግፉት እድፉ ፈዘዝ ብሏል እንጂ አለ።

«አውጥተሽ ፀሐይ ላይ አስጪው» አለች አልታየች።

«እማዬ፣ እርድ እኮ ፀሐይ ሲመታው ይጠፋል።»

«አውቃለሁ። ይጥፋ።» እርጥብ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። «ሲመጣ ሌላ ያፈስብኛል።»

ወለተሐና ነጠላውን በክንዷ ይዛ ወጣች። ብርዱ ቢቆነጥጥም ፀሐዩ አጥሩን ሞልቶታል። ከቤቱ ኋላ ደግሞ ጥላ ነበር፤ እዚያ ብትሰቅለው ይደርቃል፣ እድፉም ይቆያል፣ እናቷም ምናልባት አትቆጣም። ለእሷም ከዚህ ሌላ ከወንድሟ የቀራት ነገር የለም። በሁለቱ መሐል ትንሽ ቆመች።

ከዚያ ወደ አጥሩ ሄዳ ነጠላውን ዘረጋችው፣ ነፋስ እንዳይወስደው ጫፉን ከእንጨቱ ጋር አሰረች፣ እድፉንም ወደ ፀሐዩ አዞረችው።